የቁምስና ወጣቶች አስተባባሪነትን በሥርዓት ማስረከብ፦ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቁምስናዎች (በካህን የሚመሩ የአካባቢ ምእመናን ማኅበራት) ውስጥ የወጣቶች አስተባባሪ፣ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ ወይም ጸሐፊ ሆነው ሲያገለግሉ ቆይተው ጊዜያቸው ለሚያበቃ ወንድሞችና እህቶች የተዘጋጀ ነው። የተመረጣችሁበት ዘመን ቢያልቅ፣ ሥራ ወደ ሌላ ከተማ ቢወስዳችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ብትመደቡ፣ ትዳር ብትመሠርቱ፣ ወደ ዘርዐ ክህነት (የካህናት ማሠልጠኛ) ወይም ወደ ገዳም ብትገቡ የርክክቡ ሥራ ያው ነው።

አስተባባሪ ሲቀየር ኅብረቱ የሚበተነው ብዙውን ጊዜ እምነት ስለቀዘቀዘ አይደለም። የአዳራሹ ቁልፍ፣ የቴሌግራሙ ባለቤትነት፣ የወላጆች ስልክ፣ ሁልጊዜ የምንከራየው ሚኒባስ ባለቤት ስም፣ ለመንፈሳዊ ጉዞ የተዋጣው ገንዘብ፣ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከአንድ ግብ ጋር ነው፦ እናንተ በሌላችሁበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ጉባኤው በሰዓቱ ተከፍቶ በሰዓቱ እንዲዘጋ።

ሥራው ተረጋግቶ ከተሠራ 12 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በሁለት ሳምንት መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ገንዘቡን፣ የልጆቹን ደኅንነትና የቴሌግራሙን ባለቤትነት አስቀድሙ። የቀረውን ከሄዳችሁ በኋላ በስልክ መሙላት ይቻላል፤ እነዚህን ሦስቱን ግን አይቻልም።

ውሳኔውን ማጥራት

ጊዜ አልቆ መውረድና ተማርሮ መልቀቅ አንድ አይደሉም። የተወሰነ የአገልግሎት ዘመን ካላችሁና እሱ ከደረሰ ብዙ ማውጣት ማውረድ አያስፈልግም። ከዘመኑ በፊት የመልቀቅ ሐሳብ ከመጣ ግን ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ «መንፈሳዊ ልምምድ» በተባለው መጽሐፉ ያስቀመጠውን ደንብ ያዙ፦ ነፍስ በደረቀችበትና በታወከችበት ሰዓት ቀድሞ በሰላም የተያዘ ውሳኔ አይለወጥም። በጭቅጭቅ ያለቀ ስብሰባ ማግስት የመልቀቂያ ደብዳቤ አይጻፍም። አራት ሳምንት ጠብቁ፤ በመካከሉ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። ሐሳቡ ከአራት ሳምንት በኋላ ያለ ቁጣ ካለ፣ ያኔ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሂዱ።

የሚነገርበት ቅደም ተከተልም ትልቅ ዋጋ አለው። ከንስሐ አባት ቀጥሎ የሚሰማው የቁምስናው ቆሞስ (ቁምስናውን የሚመራው ካህን) ነው፤ ከዚያ ኮሚቴው፤ ከዚያ በቅርብ የምትከታተሏቸው ጥቂት ወጣቶች፤ በመጨረሻ መላው ጉባኤ። ቆሞሱ ወሬውን ከመዘምራን ከሰሙት ቅር ከመሰኘት ያለፈ ችግር ይመጣል፦ ምትክ ለማሰብ ጊዜ ሳያገኙ ወጣቱ በየማዕዘኑ የራሱን ዕጩ ማቅረብ ይጀምራል፤ አዲሱ አስተባባሪ ገና ሳይመረጥ ደጋፊና ተቃዋሚ ይኖረዋል። ከቆሞሱ ጋር ባደረጋችሁት ንግግርና በአጠቃላይ ማስታወቂያው መካከል ያለው ጊዜ ከሁለት ሳምንት አይብለጥ። ምሥጢር ከዚያ በላይ አይቆይም።

ቀኑን መምረጥ

የወጣቶች ኅብረት ዓመት የሚሄደው ከትምህርት ቤት ጋር ነው። ሰኔ የፈተና ወር ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ከየዩኒቨርሲቲው የተመለሱ ልጆች፣ የክረምት ትምህርተ ክርስቶስ፣ የመዝሙር ልምምድ፣ የኳስ ውድድር፣ በነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ፤ ሰውም ገንዘብም በብዛት የሚንቀሳቀስበት ወቅት ክረምት ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ማስረከብ አመቺ ቢመስልም ለተረካቢው ከባድ ነው፤ ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደውን ሥራ ያለ ልምድ ይጀምራል። የሚሻለው ሰኔ ላይ ማሳወቅ፣ ክረምቱን ከተረካቢው ጋር አብሮ መምራት፣ መስከረም መጨረሻ ላይ መፈረም ነው። እንዲህ ከሆነ የአዲሱን ዓመት ዕቅድ የሚጽፈው የሚሠራበት ሰው ይሆናል።

ለአዲሱ አስተባባሪ የመጀመሪያ ትልቅ መድረክ የሚሆነው በሀገረ ስብከት ደረጃ የሚከበረው የዓለም ወጣቶች ቀን ነው። ርዕሠ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በዓሉን ከሆሣዕና እሑድ ወደ ክርስቶስ ንጉሥ በዓል ስላዛወሩት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በላቲን ሥርዓት አቆጣጠር በኅዳር አጋማሽ አካባቢ ይውላል። ሀገረ ስብከታችሁ በሌላ ቀን ሊያከብረው ስለሚችል ቀኑን ከሐዋርያዊ ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ጠይቃችሁ በርክክብ መዝገቡ ላይ ጻፉት። በ2019 ዓ.ም. ከሐምሌ 27 እስከ ነሐሴ 2 በደቡብ ኮሪያ በሴኡል ለሚካሄደው የዚሁ ቀን ዓለም አቀፍ በዓል ስም ያስመዘገበ ወይም መቆጠብ የጀመረ ወጣት ካለ ደግሞ የስም ዝርዝሩ፣ የፓስፖርቱ ሁኔታና እስካሁን የተቀመጠው ገንዘብ በተለየ ፋይል ይያዝ። ብዙ ወር የሚፈጅ ጉዳይ በአስተባባሪ ለውጥ መካከል ሲወድቅ ማንም የራሱ አድርጎ አያየውም።

የማይመረጡ ቀኖች አሉ፦ ሰሙነ ሕማማት፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ከማንኛውም ጉዞ በፊት ያለው ሳምንት።

የማሳወቂያ ደብዳቤ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱ እንጂ ቅሬታ አታስፍሩበት፤ ቅሬታ ካለ ለቆሞሱ በቃል ይነገር። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ለዓመታት ስለሚቀመጥ ያኔ የተቆጣችሁበትን ሰው ስም ከአሥር ዓመት በኋላ የማያውቃችሁ ሰው ያነበዋል። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

«ለቁምስናችን ቆሞስ። የቁምስናው ወጣቶች አስተባባሪ በመሆን ከ… ዓ.ም. ጀምሮ እንዳገለግል ስለተሰጠኝ አደራ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። የአገልግሎት ዘመኔ መስከረም … ቀን … ዓ.ም. ስለሚያበቃ እስከዚያ ቀን ድረስ በእጄ ያለውን ገንዘብ፣ ንብረት፣ ሰነድና ቁልፍ ለሚሰየመው ተረካቢ ለማስረከብ ዝግጁ መሆኔን እገልጻለሁ። የሚረከበኝ ሰው እስከ ሐምሌ … ቀን እንዲሰየምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለቁምስናው ምክር ቤት።»

ሁለት ኮፒ አትሙ፤ አንዱን ቀን አስጽፋችሁና አስፈርማችሁ አስቀምጡ። በደመወዝ የተቀጠራችሁ ከሆነ ደግሞ ውላችሁ ላይ ያለውን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ጊዜ አንብባችሁ ቀኑን ከዚያ ጋር አስማሙ።

ሳያስረክቡ መጥፋት ከጨዋነት ጉድለት በላይ ነው። በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር–ደሴ የሚሠራው የ1990 (እ.ኤ.አ.) የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና (የቤተ ክርስቲያን ሕግ) ሲሆን በሐዋርያዊ ቪካሪያቶቹ (እንደ ሀገረ ስብከት ባሉት የላቲን ሥርዓት ክልሎች) የሚሠራው የ1983ቱ የላቲን ሕገ ቀኖና ነው። ሁለቱም (የምሥራቁ በቀኖና 1033፣ የላቲኑ በቀኖና 1289) የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚያስተዳድር ሰው በገዛ ፈቃዱ ጥሎ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ከተጎዳች ጉዳቱን የመካስ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋሉ። ድንጋጌው በቀጥታ የሚመለከተው የንብረት አስተዳዳሪዎችን ነው፤ ይሁን እንጂ የወጣቶችን መዋጮ በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ በዚያ መንፈስ ቢሠራ ራሱንም ቤተ ክርስቲያንንም ይጠብቃል።

ገንዘብ

ብዙ ወዳጅነት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ከሌላው ሁሉ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት። ከፊርማው ቀን ስድስት ሳምንት አስቀድማችሁ ጀምሩ።

መጀመሪያ የገንዘብ መግቢያውን በር አጥብቡ። ብዙ ቁምስና ውስጥ መዋጮ የሚሰበሰበው በአስተባባሪው የግል ቴሌብር ነው። ለምቾት የተጀመረ ነገር ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን እናትህ የላከችልህ ገንዘብና የወጣቱ መዋጮ ተደባልቆ ማን የማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። አንድ ቀን ቁረጡና በጉባኤም በቴሌግራምም «ከዚህ ቀን ጀምሮ በዚህ ቁጥር ምንም ዓይነት መዋጮ አይላክ» ብላችሁ አስታውቁ፤ አዲሱን የመክፈያ መንገድ በዚያው መልእክት ላይ ስጡ። ከዚያ በኋላም የሚልክ አይጠፋም፤ የመጣውን በዚያው ቀን ወደ ቁምስናው ሒሳብ አስተላልፉና የላኪውን ስም መዝግቡ።

ቀጥሎ ሒሳቡን ዝጉ። ከመጨረሻው የተፈረመ ሪፖርት ጀምራችሁ ገቢና ወጪውን በተራ ጻፉ፤ ለእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኙን ቁጥር ሰጥታችሁ ከመዝገቡ ጋር አያይዙ። ለምሳሌ፦

- ከባለፈው የዞረ፦ 8,400 ብር
- በዓመቱ የገባ፦ 36,250 ብር
- የወጣ፦ 31,900 ብር
- መኖር ያለበት ቀሪ፦ 12,750 ብር
- የተገኘው፦ ባንክ 9,800፣ ጥሬ ገንዘብ 2,150፣ ቴሌብር 800፤ ድምር 12,750 ብር

ጥሬ ገንዘቡን አስረካቢው፣ ተረካቢውና አንድ የቁምስና ምክር ቤት አባል ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቁጠሩት፤ ስንት ባለ 200፣ ስንት ባለ 100 እንደሆነ ሳይቀር ይጻፍ። በሁለት ሰው ብቻ የተቆጠረ ገንዘብ ላይ ጥያቄ ሲነሳ የአንዱ ቃል በሌላው ላይ ይሆናል።

ጉድለት ቢገኝስ? 450 ብር ቢጎድል ከኪሳችሁ ሞልታችሁ ዝም አትበሉ። የጎደለው ምናልባት ደረሰኙ የጠፋ የዳቦና የሻይ ወጪ ነው፤ ምናልባትም ሌላ ሰው እጅ ያለ ገንዘብ ነው። በዝምታ ከተሞላ ምክንያቱ አይታወቅም፤ ተረካቢውም በዚያው ቀዳዳ ገንዘብ ማጣቱን ይቀጥላል። «ምክንያቱ ያልታወቀ ጉድለት 450 ብር» ብላችሁ መዝግቡ፤ የሚደረገውን ቆሞሱ ይወስናሉ። ትርፍ ከተገኘም እንዲሁ ነው፤ ትርፍ ማለት ያልተመዘገበ መዋጮ አለ ማለት ነው።

ከቀሪው ውስጥ ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠውን ለይታችሁ አሳዩ። ከ12,750 ብሩ 7,000ው ለመንፈሳዊ ጉዞ የተዋጣ ከሆነ አዲሱ አስተባባሪ በነፃነት የሚያዝበት 5,750 ብር ብቻ ነው። ለአንድ ዓላማ የተሰጠ መባ ለዚያው ዓላማ ብቻ እንዲውል ሁለቱም ሕገ ቀኖናዎች ያዝዛሉ (የላቲኑ 1267 አንቀጽ 3፣ የምሥራቁ 1016)። ይህ ካልተጻፈ ተረካቢው በቅን ልብ ስፒከር ይገዛበታል፤ ለጉዞው 350 ብር የከፈለችው ልጅ ግን አትረሳም።

ዕዳም ይጻፍ። ያልተከፈለ የሚኒባስ ኪራይ፣ ከመዘምራን የተዋስነው ማይክ፣ ለአዳራሽ ጽዳት ቃል የተገባ ገንዘብ፤ ማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ። በሌላ በኩል ከወጣቶች የሚሰበሰብ ቀሪ ካለ ዝርዝሩ ለተረካቢውና ለገንዘብ ያዡ ብቻ ይሰጥ፤ በጉባኤ ስም እየጠሩ ማንበብ ድሀ ቤተሰብ ያለውን ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ያርቃል።

በመጨረሻ የባንክ ፈራሚ ለውጥ። ኅብረቱ በቁምስናው ስም ሒሳብ ካለው ባንኩ ብዙውን ጊዜ የቁምስናውን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ አዲሶቹ ፈራሚዎች የተሰየሙበትን ቃለ ጉባኤና የፈራሚዎቹን መታወቂያ ይጠይቃል፤ ፈራሚዎቹም በአካል ይቀርባሉ። የቅርንጫፉ አሠራር ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት ሰው ካለ ሁሉም ነገር ሳምንታት ይዘገያል። የድሮ ፈራሚ ስሙ ሳይሰረዝ ሌላ ከተማ ከገባ ኅብረቱ የራሱን ገንዘብ ማውጣት ያቅተዋል።

ዕቃና ቁልፍ

ዝርዝሩን ቢሮ ቁጭ ብላችሁ በትዝታ አትጻፉ። ከተረካቢው ጋር ዕቃ ቤቱን ከፍታችሁ አንድ በአንድ እየነካችሁ ቁጠሩ፤ የዕቃው ስም፣ ብዛት፣ ሁኔታው (የሚሠራ፣ የሚጠገን፣ የሚወገድ)፣ ያለበት ቦታ፣ አሁን የያዘው ሰው። ኪቦርድ ከሆነ አዳፕተሩ፣ ስፒከር ከሆነ ገመዱ፣ ከበሮ ከሆነ ማንገቻው ለየብቻ ይጻፍ፤ ሲጠፋ የሚጠፋው እሱ ነውና። ሁሉንም በዚያው ሰዓት ሰክታችሁ ሞክሩ። ቁምስናው ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) የሚጠቀም ከሆነ በዚያው ይሠራ።

በየሰው ቤት ያለ የመዘምራን ልብስ፣ የመዝሙር መጽሐፍና ኳስ እንዲመለስ ሁለት ሳምንት ስጡ፤ ቀኑ ሲያልፍ ያልተመለሰው «በእገሌ እጅ» ተብሎ ይጻፍ። ቁልፎቹ ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ የአዳራሽ፣ የዕቃ ቤት፣ የቁም ሣጥን። ኮፒ የተቀረጸላቸው ሰዎች ካሉ ስማቸው ይታወቅ።

የርክክብ መዝገብ

አንድ ክላሰር ይበቃል፤ ከ15 ገጽ ከበለጠ ማንም አያነበውም። ውስጡ የሚገባው፦ የአባላት ዝርዝር፣ የዓመቱ መርሃ ግብር፣ ያልተቋጩ ጉዳዮች፣ የሰዎች ስልክ (የሚኒባስ ባለቤት፣ ድምፅ ማጉያ አከራይ፣ ትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች፣ የሌሎች ቁምስናዎች አስተባባሪዎች፣ የሀገረ ስብከቱ የወጣቶች ተጠሪ)፣ የሒሳብና የንብረት ሰነድ፣ ያለፉ ቃለ ጉባኤዎች።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ብዙዎች የማይጽፉት ገጽ ነው፦ ነገሮች ለምን እንዲህ እንደሚደረጉ። «ጉባኤው ቅዳሜ 8 ሰዓት የሚጀመረው አዳራሹን 10 ሰዓት ላይ መዘምራን ስለሚረከቡ ነው።» «የ15 ዓመት ልጆችን ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የለየነው ትንንሾቹ መናገር ስላቆሙ ነው።» ተረካቢው ሊለውጠው መብቱ ነው፤ ምክንያቱን ካወቀ ግን ምን እንደሚነካ አውቆ ይለውጣል።

የአባላት ዝርዝር ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ደግሞ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስምና ስልክ ይገባል። የጤና ነገር (የሚጥል በሽታ፣ አስም፣ የምግብ አለርጂ) ለጉዞ ስለሚያስፈልግ በተለየ ወረቀት ይያዝ፤ ለተረካቢውና ለቆሞሱ ብቻ ይሰጥ።

ወደ መዝገቡ የማይገባና ሳይነገር የማይታለፍ

አንዲት ልጅ አምና የነገረቻችሁ የቤቷ ችግር፣ አንድ ወጣት ከሱስ ለመውጣት የሚያደርገው ትግል፣ የማን ፍቅር እንደፈረሰ በወረቀት አይተላለፍም። ለተረካቢው «እንድትጠነቀቅ ብዬ ነው» ተብሎ በጆሮም አይነገርም። የእያንዳንዱ ምእመን መልካም ስምና ግላዊነት የሚጠበቅ መብት ነው (በላቲኑ ቀኖና 220፣ በምሥራቁ 23)። ክትትል የሚያስፈልገው ወጣት ካለ እሱን ራሱን ጠይቁ፦ «ነገሩን ለአባ ወይም ለአዲሷ አስተባባሪ ልንገርልህ ወይስ ራስህ ትነግራለህ?» እምቢ ካለ ምሥጢሩ ከእናንተ ጋር ይቀራል።

ከዚህ ውጭ የሆነ አንድ ነገር አለ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ላይ ጥቃት እንደደረሰ ወይም ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ካወቃችሁ ይዛችሁት አትሂዱ፤ የርክክቡን ቀንም አትጠብቁ። ርዕሠ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2019 እ.ኤ.አ. አውጥተው በ2023 ቋሚ ያደረጉት ሕግ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ጥቆማ የሚቀበልበት አሠራር እንዲኖረው ያዛል፤ ጉዳዩን ለቆሞሱ ወይም በሀገረ ስብከቱ ለዚህ ለተመደበው አካል በጽሑፍ አቅርቡ። ጥርጣሬው ቆሞሱን ራሱን የሚመለከት ከሆነ በቀጥታ ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሄዳል። ልጁ በዚህ ሰዓት አደጋ ላይ ከሆነ ፖሊስ ይቀድማል። «ልቀቅና አዲሱ ይየው» የሚባል ነገር የለም፤ አዲሱ ሰው ያያችሁትን አላየም።

ቴሌግራምና ሌሎች ገጾች

የቴሌግራም ቡድን ባለቤትነትን ለማስተላለፍ ባለቤቱ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት አለበት፤ ከበራ ቢያንስ 7 ቀን ካልሞላው ወይም በዚያ ስልክ ከገባችሁ 24 ሰዓት ካላለፈ ቴሌግራም አይፈቅድም። የመጨረሻው ቀን ላይ ደርሰው ብዙዎች የሚጣበቁት እዚህ ነው። ስለዚህ ማረጋገጫውን ዛሬ አብሩት። ከዚያ ተረካቢውን አስተዳዳሪ አድርጋችሁ ሁሉንም ፈቃድ ስጡት፤ ከፈቃዶቹ ሥር ባለቤትነት ማስተላለፊያው ይወጣል፤ የይለፍ ቃላችሁን አስገብታችሁ ታጸድቃላችሁ። ቡድንና ቻናል ለየብቻ ይተላለፋሉ።

ለፌስቡክ ገጽ ሁለት ሰዎች ሙሉ ቁጥጥር እንዲኖራቸው አድርጉና ተረካቢው መቀበሉን አረጋግጡ። የኅብረቱ ጂሜይል የይለፍ ቃሉን መስጠት ብቻ አይበቃም፤ መልሶ ማግኛ ስልኩ የእናንተ ከሆነ ከስድስት ወር በኋላ ኮዱ ወደ እናንተ ይመጣል፤ እናንተ ደግሞ ሌላ ሲም ይዛችሁ ይሆናል። ቲክቶክና ዩቲዩብም በዚያው ጂሜይል ይታሰሩ።

ከልጆች ጋር በግል የምትጻጻፉባቸው መስመሮች ላይም ወስኑ። ከኃላፊነት ከወረዳችሁ በኋላ ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ጋር በግል መጻጻፍ መቆም አለበት፤ ሰላምታ ካለ ወላጅ በሚያውቀው መንገድ ይሁን። በበጎ ልብ የሚደረግ ቢሆንም ጠባቂ የሌለው ግንኙነት ልጁንም እናንተንም ያጋልጣል፤ ወጣቱም ወደ አዲሱ አስተባባሪ ለመሄድ ምክንያት አይኖረውም።

ተረካቢውን ማለማመድ

ተረካቢውን የሚመርጠው ጉባኤው ነው፣ የሚያጸድቀው ቆሞሱ። የእናንተ ድርሻ ሲጠየቁ ሐሳብ መስጠት ነው። የምትወዱትን ሰው በጓሮ ካስመረጣችሁት ሰውዬው ጥሩ ቢሠራም «የእነ እገሌ» ይባላል።

ከተሰየመ በኋላ ቢያንስ ስድስት ጉባኤ አብራችሁ ምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እሱ ማስታወሻ ይያዝ። በሚቀጥሉት ሁለት አንዱን ክፍል እሱ ይምራ፤ መክፈቻ ጸሎቱን፣ የቃለ እግዚአብሔር ንባቡን ወይም ውይይቱን። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሙሉውን ይምራ፤ እናንተ ከኋላ ተቀመጡ። እዚህ ላይ የሚበላሽ ነገር አለ፦ ወጣቶች ጥያቄ ሲጠየቁ አንገታቸውን አዙረው እናንተን ያያሉ። ያኔ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ተመልከቱ። ዓይን ለዓይን ከተገጣጠማችሁ ትመልሳላችሁ፤ ከመለሳችሁ ደግሞ ጉባኤው አሁንም የእናንተ ነው። ስድስተኛው ላይ ጭራሽ ባትገኙ ይመረጣል፤ የጎደለው ነገር ሁሉ በዚያ ቀን ይታወቃል፣ ለማስተካከልም ገና ጊዜ አለ።

አብራችሁ ልትጎበኟቸው የሚገቡ ሰዎች አሉ፦ ሲስተሮቹ፣ ትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎቹ፣ የመዘምራን ኃላፊ፣ የአዳራሹ ጥበቃ፣ ልጆቻቸውን በእናንተ እምነት የሚልኩ ወላጆች። አንዲት እናት «አንተ ካለህ ትሂድ» ብላ ልጇን ለጉዞ ትፈቅድ ከነበረ፣ ያን እምነት በስልክ ማስተላለፍ አይቻልም፤ ከአዲሱ አስተባባሪ ጋር ቤቷ ቡና መጠጣት ያስፈልጋል።

በቅርብ ስትከታተሏቸው ለነበሩ ወጣቶች አጠቃላይ ማስታወቂያው ከመነገሩ በፊት ለእያንዳንዳቸው በአካል ንገሩ። አጭርና ግልጽ ይሁን፦ መቼ እንደምትወርዱ፣ ለምን፣ ተተኪው ከታወቀም ማን እንደሚተካችሁ። «ሁልጊዜ ደውልልኝ» አትበሉ፤ የማይጠበቅ ቃል ነው። ርዕሠ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ «ክርስቶስ ሕያው ነው» በተባለው የ2019 እ.ኤ.አ. ሐዋርያዊ ምክራቸው ወጣቶች ራሳቸው የወጣቶች አገልግሎት ባለቤቶች እንደሆኑ ያስተምራሉ፤ አገልግሎታችሁ የት እንደደረሰ የሚታየው እነሱ ያለ እናንተ ሲጸልዩ ነው።

የመጨረሻው እሑድ

ፊርማው ከቅዳሴ በፊት ወይም ዋዜማው ላይ በቆሞሱ ፊት ያልቅ። ቃለ ጉባኤው ቀኑን፣ የተገኙትን ሰዎች፣ የገንዘቡን መጠን በአኃዝና በፊደል፣ የተያያዙትን ገጾች ብዛትና ያልተጠናቀቁ ጉዳዮችን ይይዛል። ሦስት ኮፒ፦ ለቁምስናው ፋይል፣ ለተረካቢው፣ ለአስረካቢው። ሁሉም ገጽ ላይ ይፈረም።

በቅዳሴው ፍጻሜ፣ ከማሰናበቻው በፊት፣ ቆሞሱ አስረካቢውንና ተረካቢውን አብረው ወደ ፊት ቢጠሩና ቢባርኩ ይበቃል። በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 27 ሙሴ እጁን በኢያሱ ላይ የጫነው በካህኑ በአልዓዛርና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ነበር። ኃላፊነቱ ለማን እንደተላለፈ ሕዝቡ በዓይኑ ሲያይ ወላጅም፣ መዘምራንም፣ ጥበቃውም ከሰኞ ጀምሮ ማንን እንደሚጠይቁ ያውቃሉ።

የምትናገሩት ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። አርአያ ከተፈለገ ቅዱስ ጳውሎስ በሚሊጢን ለኤፌሶን ሽማግሌዎች የተናገረው አለ (ሐዋ. 20)፦ ምን እንዳደረገ በአጭሩ ይናገራል፣ «ከማንም ብር ወይም ወርቅ ወይም ልብስ አልተመኘሁም» ብሎ በገንዘብ ነገር ራሱን ያጠራል፣ ለእግዚአብሔርና ለጸጋው ቃል አደራ ይሰጣቸዋል፣ ተንበርክኮ አብሯቸው ይጸልያል። ያሳዘናችሁት ሰው ካለ ይቅርታውን ከዚያ ቀን በፊት በግል ጠይቁ፤ በማይክ የሚጠየቅ ይቅርታ ተበዳዩን አንገት ያስደፋል።

ለመስተንግዶው ለ80 ሰው አራት ትልልቅ ድፎ ዳቦ፣ 1 ኪሎ ቡና፣ 4 ኪሎ ቆሎ በቂ ነው። ቀኑ በጾም ውስጥ ከዋለ ዳቦው ላይ ቅቤ አይግባ። ለስጦታ ተማሪዎችን ገንዘብ ማዋጣት ይቅር፤ ኮሚቴው አንድ ጋቢ ወይም መጽሐፍ ቅዱስ ከሰጠ መልካም ነው፤ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ካልተነገረ የእያንዳንዱ ልጅ 50 ብር ይሰበሰባል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት

ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ከወጣቶች ጉባኤ ራቁ፤ ከቅዳሴ ግን አትራቁ። ወጣቶች ስለ አዲሱ አስተባባሪ ሊያማርሩ ሲመጡ «ለእሱ ነግረኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁና እዚያው አቁሙት። ተረካቢው ሲደውል መረጃ ስጡት፤ ውሳኔ አትስጡት። «እኔ ብሆን…» የሚል ዓረፍተ ነገር በዚህ ወቅት ትዕዛዝ ሆኖ ይሰማል።

ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ይሆናል። የብዙ ዓመት ልማድ ሲቆም ሐዘን የሚመስል ነገር ይመጣል፤ ሌላ ኃላፊነት ወዲያው በመያዝ አትሸፍኑት። በመጀመሪያው ወር ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሱባኤ ግቡ፤ የኅሊና ምርመራችሁ በዘመኑ ላይ ይሁን፦ እግዚአብሔር በየትኞቹ ሰዎች በኩል ሠራ፣ በየትኛው ነገር ራሴን ፈለግሁ፣ ማንን ይቅር ማለት ቀረኝ፣ ማንን ማመስገን ቀረኝ። ከዚያ ኑዛዜ። ሌላ ከተማ የምትሄዱ ከሆነ እዚያ ያለውን ቁምስና ቆሞስ በመጀመሪያው ወር ተዋወቁ፤ ለስድስት ወር ግን እንደ ማንኛውም ምእመን ቅዳሴ ግቡ እንጂ ኮሚቴ ውስጥ አትግቡ።

በሦስተኛው ወር ማብቂያ ከተረካቢውና ከቆሞሱ ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጡ። መዝገቡ ላይ ምን ጎድሎ ነበር? የትኛው ስልክ አይሠራም? የባንኩ ፊርማ ተጠናቋል? የጎደለው በዚያው ይጻፍና ይፈረም። ቤት እንደገባችሁ በስልካችሁና በኮምፒውተራችሁ የቀሩትን የአባላት ዝርዝር፣ የጤና መረጃና የልጆች ፎቶ ሰርዙ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የሰው መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ አልፎ በማይመለከተው እጅ እንዲቆይ አይፈቅድም። በእናንተ ዘንድ የሚቀረው የተፈረመው ቃለ ጉባኤ ኮፒ ብቻ ነው።